የጎበጠው ደረጃ

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሐምሌ ነው። የመጨረሻውን ሳምንት ያሳለፍኩት ዕቃ በማስረከብ ነበር። ንብረት ክፍሉ ውስጥ ያለው ወጣት ቲ-ስኴሩን፣ ያንን ረጅም የእንጨት ማስመሪያ፣ አገላብጦ አየና «እትዬ፣ ይሄ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ሥዕል መሥሪያ ነው አልኩት። ደብተሩ ላይ «እንጨት፣ አንድ» ብሎ ጻፈ። አልተቀየምኩትም። እሱ ኮሌጁ ሲገባ የሥዕል ጠረጴዛዎቻችን ተነሥተው ኮምፒዩተር ከተተካ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር።

አስካለ እባላለሁ። ተማሪዎቼ ቲቸር አስካለ ይሉኛል። አብዛኛውን ዕድሜዬን በየካ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ የሕንፃ ሥዕልና የሕንፃ ታሪክ አስተምሬአለሁ። ከሁሉም በላይ ያስተማርኩት ግን አንድም ቀን በዓይኔ ያላየሁትን ነገር ነው፤ የጥንት ግሪኮችን ቤተ መቅደስ። ልጄ ስቃብኝ «እማዬ፣ ያላየሽውን ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት አስተማርሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዴት እንዳስተማርኩና የት ላይ እንደተሳሳትኩ ልንገራት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት ማዘጋጃ ቤት ነው። የቦታ ፕላን እገለብጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው አጥርና የሰው ድንበር በቀለም መሳል ነው። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። ጥሩው ነገር እጄ ተፈታ። ኮሌጁ ረዳት መምህር ይፈልጋል ሲባል ሥዕሎቼን ጠቅልዬ ሄድኩ።

የተቀበሉኝ ጋሽ ክንፈ ናቸው። አጠር ያሉ፣ ከግራጫ ጋዋን የማይለዩ ሽማግሌ ነበሩ። ያመጣሁትን ሥዕል አልከፈቱትም። አንድ እርሳስና ምላጭ ሰጡኝና «ቅረጪ» አሉኝ። ቀረጽኩ። ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ቸኩለሻል። ድገሚው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በአራተኛው «ሰኞ ነይ» አሉኝ። ፈተናው ይኸው ነበር።

ያን ጊዜ የምንሠራው ትሬሲንግ ፔፐር በምንለው ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ ነው። ጋሽ ክንፈ ሥዕል ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። የእርሳስ እድፍ የሚያጸዱት በላጲስ አይደለም፤ ከቤታቸው በሚያመጡት የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ነው። ወረቀቱ ላይ በትነው በመዳፋቸው ቀስ ብለው ያንከባልሉታል። ቀለም የተሳሳተ እንደሆነ በምላጭ ይፍቁና የተፋቀውን ቦታ በጥፍራቸው ያለሰልሱታል፤ አዲሱ ቀለም እንዳይበተን። ውጤት የሚሰጡት መጀመሪያ በእርሳስ ነው፤ በማግስቱ እንደገና አይተው በቀለም ይጽፉታል። የወደቀ ተማሪ ሥዕል አይጥሉም። «ያለፈው ይዞት ይሄዳል። የወደቀው አንድ ቀን መጥቶ ሊያየው ይችላል» ይሉና ቁም ሣጥን ውስጥ ጠቅልለው ያስቀምጡታል።

ከሁሉም የሚበልጠው ልማዳቸው መሄድ ነበር። የተጠራጠሩትን ነገር ሄደው ያያሉ። አንድ ተማሪ ከወገብ በላይ የሚሰፋ በር ሣለ። ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ክንፈ ግን «የት አየኸው?» አሉት። ልጁ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አያቴ ቤት» አለ። ከሰዓት በኋላ በእግራቸው ሄደው አይተውት መጡ። በሩ እውነትም ነበር፤ ሸክም የያዘ ሰው እንዲገባበት ታስቦ የተሠራ።

የግሪኮቹን ቤተ መቅደስ እኔ የገባኝ እንጦጦ ላይ ነው። ጋሽ ክንፈ በየዓመቱ ክፍሉን በሙሉ ይዘው ዳገቱን ያስወጡን ነበር። አንድ ዓመት ላይ አናጺዎች በባሕር ዛፍ እንጨት ሰፋ ያለ ቤት ሲሠሩ ደረስን። ቋሚዎቹ ቆመዋል፤ በቋሚዎቹ አናት ላይ ረጅም ግንድ ተጋድሟል፤ በግንዱ ላይ ደግሞ ጣሪያውን የሚሸከሙት አግዳሚዎች ተደርድረው ጫፋቸው ወደ ውጭ ወጥቷል። ጋሽ ክንፈ «ጫፎቹን ብቻ ሣሉ» አሉን። አንድ የእንጨት ጫፍ፣ ቀጥሎ ክፍት ቦታ፣ እንደገና የእንጨት ጫፍ። ሣልን። ስንጨርስ ከቦርሳቸው የቤተ መቅደሱን ፎቶግራፍ አውጥተው እንጨት ላይ ለጠፉት።

ከዓምዶቹ በላይ ያለው ድንጋይ ያው እኛ የሣልነው ነበር። ሦስት ቋሚ ሸንተረር ያለው ጥርብ፣ ቀጥሎ ባዶ ሰሌዳ፣ እንደገና ጥርብ። ከሥሩም እንደ እንጨት ችንካር ያሉ ትናንሽ ጉብታዎች ተንጠልጥለዋል።

«ድንጋይ ችንካር ምን ያደርግለታል?» አሉ።

መልሱን ራሳቸው ሰጡ።

«ምንም አያደርግለትም። እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያ አናጺ ነበሩ ይባላል። ወደ ድንጋይ ሲሻገሩ እጃቸው የለመደውን ይዘው ተሻገሩ።»

ይህን እያሉ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ወረዱ። አንዷ ቆም ብላ ወረቀቶቻችንን አየችና «እንጨት ከምትሥሉ አንድ ሸክም ብታግዙን ምን አለበት?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ጋሽ ክንፈ ግን «እውነቷን ነው» ብለው ሁለት ቁመተኛ ተማሪዎች መረጡ፤ ልጆቹም ሸክሙን እስከ ቁልቁለቱ ሥር አወረዱላት። እኔ ሥዕሎቹን ይዤ ከኋላ ስከተል፣ ይህ ሥራ የእኔ ነው፣ ሌላ አልፈልግም ብዬ ያሰብኩት ያን ዕለት ነው።

ጋሽ ክንፈ ጡረታ ሲወጡ የታሪኩን ትምህርት ለእኔ ተዉልኝ። የነበረኝ የእሳቸው ማስታወሻና ተባዝቶ ተባዝቶ የደበዘዘ የመጽሐፍ ቅጂ ነው። የራሴንም ጨመርኩበት። ተማሪዎቼ «ይህን የሚያህል ሕንፃ ሠርተው ሰው ውስጡ ካልገባ ምን ይጠቅማል?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ግሪኮቹ መሥዋዕታቸውን የሚያቀርቡት ደጅ ነው፤ ውስጡ የጣዖቱ ቤት ነው። የካ ሚካኤል ወሰድኳቸውና አጥሩን ተደግፈው፣ ዛፍ ሥር ቆመው የሚጸልዩትን ሰዎች አሳየኋቸው። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፤ ግን ሰው ውጭ ቆሞ ቤቱን ማክበር እንደሚችል በዚያ ገባቸው። በዚህ ዓይነት ስሜ ጥሩ ሆነ። ቲቸር አስካለ ግሪኮቹን እንደ ጎረቤቶቿ ታውቃቸዋለች ይባል ጀመር። እኔም አመንኩት። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

ሸምሱ በቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም የሚማር የካራ ልጅ ነበር። ልጅ አልኩ እንጂ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአባቱ ከጋሽ ሸረፋ ጋር ድንጋይ ይጠርባል፣ ግንብ ይገነባል። ቤተሰቡ ከስልጤ የመጣ ነው። ክፍል ውስጥ ብዙ አይናገርም። እጁ ሻካራ ስለሆነ ስሱን ወረቀት ላለመቧጨር በመሐረብ ይዞ ነበር የሚሠራው። ዲፕሎማውን ቢያገኝ በግንባታ ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ ሆኖ መቀጠር ይችላል። ካላገኘ በቀን ሠራተኝነቱ መቀጠሉ ነው።

የማጠቃለያው ሥራ፣ በግሪኮች ሥርዓት ስድስት ዓምድ ያለው የቤተ መጻሕፍት ፊት መንደፍ ነበር። የሸምሱ ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋ ደስ አለኝ። ዓምዶቹ አምረዋል። ከዚያ ማስመሪያዬን ከዓምዶቹ ሥር ባለው ረጅም ደረጃ ላይ አጋደምኩት። ደረጃው ከማስመሪያው ጋር አልገጠመም። ከሁለቱ ጫፎች ይልቅ መሐሉ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሏል።

ሌሎች ሁለት መምህራን አብረውኝ ፈታኝ ሆነው ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

«ይህ ደረጃ ለምን ጎበጠ?» አልኩት።

«አውቄ ነው ቲቸር። ረጅም ደረጃ ልክ በልክ ከተሠራ መሐሉ የሰመጠ ይመስላል። አባቴ ሁልጊዜ መሐሉን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ውሃም አይቋጥርም።»

«አባትህ ግሪክ አይደሉም» አልኩት። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቃቸው ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

«ካራ ላይ የሠራው ደረጃ አለ። ከዚህ ሩቅ አይደለም። መጥተው ቢያዩት…»

«የግሪክ ግንበኞች እንዲህ አያደርጉም። ደረጃቸው ቀጥ ያለ ነው። አንተ ማስመሪያህ ተንሸራቶብህ ምክንያት ትፈልጋለህ።»

ሸምሱ አላቀረቀረም። ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝና «ማስመሪያዬ አልተንሸራተተም» አለ። ያን ጊዜ ድፍረት መሰለኝ። ውጤቱን እዚያው፣ በቀለም ጻፍኩ። ወደቀ። መድገም ይችል ነበር፤ ግን ተመልሶ አልመጣም።

በሳምንቱ ጋሽ ክንፈን ለመጠየቅ ቤታቸው ሄድኩ። ነገሩን እንደ ጨዋታ አወራኋቸው። አልሳቁም።

«ሄደሽ አየሽው?»

«ምኑን?»

«የአባቱን ደረጃ።»

«ጋሼ፣ ግሪኮቹ እንዲህ ያደርጋሉ እንዴ?»

«እኔ አላውቅም። ስለማላውቅ እኮ ነው ሄደሽ እዪ የምልሽ።»

እሺ አልኩ። አልሄድኩም። መጀመሪያ የፈተና እርማት ነበረብኝ፤ ከዚያ ክረምት ገባ፤ ከዚያ ረሳሁት። ካራ ከኮሌጃችን በታክሲ ሃያ ደቂቃ አይሞላም።

ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ጋሽ ክንፈም ዐረፉ። ሕይወት የምትባል ወጣት ባልደረባችን ከውጭ ትምህርቷን ጨርሳ መጣች። ግሪክ አገር ሄዳ ቤተ መቅደሶቹን በእግሯ ዞራቸዋለች። እኔ በጉጉት ከጎኗ ተቀምጬ ፎቶዎቿን በኮምፒዩተር ሳይ አንዱ ላይ ቆም አለች።

«ይሄን እይው እትዬ አስካለ። ጓደኛዬ በዚያኛው ጫፍ ደረጃው ላይ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀመጠች። እኔ በዚህኛው ጫፍ ጎንበስ ብዬ ፎቶ አነሣሁት። የሚታየው ክዳኑና አንገቱ ብቻ ነው።»

«ሌላውስ የት ሄደ?»

«ደረጃው ጋረደው። መሐሉ ከፍ ያለ ነው እኮ። አውቀው ነው ያደረጉት። ቀጥ ያለ ረጅም መስመር ለዓይን የሰመጠ ይመስላል ይባላል። ዓምዶቹም ትንሽ ወደ ውስጥ ዘንበል ብለዋል። አታውቂም ነበር?»

በቅንነት ነው የጠየቀችኝ። «አላውቅም ነበር» አልኳት። «አንድ ተማሪዬ ግን ነግሮኝ ነበር።»

ሕይወት ፎቶውን አትማ ሰጠችኝ። በማግስቱ ካራ ሄድኩ። ድንጋይ የሚጠረብበት ሜዳ ላይ ስሙን ስጠራ አንዱ በመዶሻው ጠቆመኝ። ሸምሱ መሮውን ይዞ አንድ ጥርብ ላይ ተቀምጧል። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ሲያየኝ ብድግ አለ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ቲቸር አስካለ! ምን እግር ጣለዎት?»

ቁጭ ይበሉ ቢለኝም ቆሜ ነው የነገርኩት። ፎቶውን ሰጠሁት። ብዙ አየው፤ አርቆም አቅርቦም አየው።

«እንግዲያው ያደርጉት ነበር» አለ።

«ያደርጉት ነበር። እኔ ሳላውቅ ነው በሰው ፊት አያደርጉም ያልኩህ። አንተ ትክክል ነበርክ። አባትህም። ይቅር በለኝ ልል ነው የመጣሁት።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቴ ውጤቴን ሲጠይቀኝ ትምህርቱ ከበደኝ አልኩት» አለኝ። «ያንተን አሠራር ሳቁበት ብዬ ልነግረው አልቻልኩም። እስከ ዛሬ ሰነፍ ሆኜ የተውኩት ነው የሚመስለው።»

የአባቱን ደረጃ አሳየኝ አልኩት። «መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ» አለኝ። ጋሽ ሸረፋ በሕይወት እንዳሉ፣ ዓይናቸው ግን እየደከመ መሆኑን ነገረኝ። እኔ ራሴ ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው ስል እጁን አነሣ።

«ዛሬ አይሁን ቲቸር። መጀመሪያ ለእኔ ለራሴ ይዋጥልኝ።»

በዚያ ተለያየን። እንዳልተቆጣኝ አውቃለሁ፤ ይቅር እንዳላለኝም አውቃለሁ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

በሳምንቱ የወደቁ ሥዕሎች የሚቀመጡበትን ቁም ሣጥን ከፍቼ የሸምሱን ሥዕል ፈለግኩ። አቧራ ለብሶ፣ ስሙ በጠርዙ ላይ ተጽፎ ተገኘ። ስሕተቱ የእኔ እንጂ የተማሪው አይደለም ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩና ከሥዕሉ ጋር ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቀረብኩ። ኃላፊው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አስካለ፣ ይህ እኮ ፋይልሽ ውስጥ ይገባል።»

«ይግባ።»

«የምክትል ኃላፊነቱ ዕጩ አንቺ ነሽ። ኮሚቴው ይህን ያነባል።»

«ያንብበው።»

ምክትል አልሆንኩም። ይህም ሲታሰብ ጥሩ ሆነ፤ ስብሰባ አልወድም። ኮሚቴው ግን ሁለት ወር ከተመላለስኩ በኋላ ሸምሱ ሥራውን እንደገና እንዲያቀርብ ፈቀደ። ወሬውን ላደርስ ስሄድ ራሱ ቀድሞ «ለአባቴ ነገርኩት» አለኝ። «ምን አሉ?» ስለው «መጀመሪያ ተቆጣኝ፤ ለምን ደበቅከኝ ብሎ። ከዚያ ፎቶው ላይ ያለውን ሦስቴ አስነገረኝ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሥራው የቀረበው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋሽ ሸረፋ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሸምሱ ያንኑ የድሮ ሥዕል ሰቀለ። ሲባጎ አውጥቶ ሁለት ተማሪዎች ጫፍና ጫፉን እንዲይዙ አደረገና፣ አባቱ ሲባጎውን ወጥረው ከመሐል ወደ ዳር ድንጋዩን እንዴት እንደሚያወርዱ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በስንት ጣት እንደሚለኩ አሳየ። ያ ዝምተኛ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ሲጨርስ እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ያኔ በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት መለስኩት። ለጋሽ ሸረፋም ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

እሳቸው እጃቸውን አወዛወዙ፤ ይቅር፣ ተይው እንደማለት። ጥያቄ ነበራቸው።

«እነዚያ ሰዎች ከሠሩት ስንት ዓመት ሆነው?»

«ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ፣ አባባ።»

«ደረጃው አለ?»

«ዓምዶቹ ተጎድተዋል፤ ጣሪያውም የለም። ደረጃው ግን አለ።»

«ደረጃው ካለ ደኅና ነው» አሉና ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። የእሳቸው ጉዳይ በዚሁ አበቃ።

ውጤቱን በማግስቱ በቀለም ጻፍኩት። ሸምሱ ዲፕሎማውን ይዞ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ዛሬ የራሱ ቡድን አለው። እኔም ከዚያ በኋላ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ያየሁትንና ያላየሁትን ለይቼ እናገር ነበር። «ይህን ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት፤ የምታውቁት ካላችሁ ንገሩኝ» እል ነበር። የማይታመን ነገር ነው፣ ተማሪዎች ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገሩኝ። አንዷ የአክስቷ ቤት ጣሪያ ለምን እንደማያፈስ አስተማረችኝ። ኮምፒዩተሩንም ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው፤ ስሳሳት ሳይስቁ።

እንግዲህ ልጄ እንደጠየቀችኝ፣ ያላየሁትን ያስተማርኩት እንዲህ ነው። በጋሽ ክንፈ ዓይን፣ በእንጦጦ አናጺዎች እጅ፣ በሸምሱ አፍ። ብዙዎቹ ዕዳቸው እንዳለብኝ ሳያውቁ አልፈዋል፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ሸምሱ ደወለልኝ። ካራ ላይ አንድ ትምህርት ቤት እየጨረሰ ነበር፤ ከፊቱ ሠላሳ ሜትር ያህል የሚረዝም የጥርብ ድንጋይ ደረጃ አለው። ስደርስ ጋሽ ሸረፋ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሸምሱ ዳር ወስዶ አስጎነበሰኝና ጉንጬን ድንጋዩ ላይ አስጠጋሁ። ደረጃው ከፊቴ ቀስ ብሎ ሽቅብ ወጥቶ፣ መሐል ላይ ደርሶ ወደ ማዶ ወረደ። ጉልበቴ እስኪያመኝ ድረስ አልተነሣሁም።

ከዚያ መንገድ ተሻግረን ከሩቅ አየነው። እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል።

ሙዝ በሳፋ የያዘች አንዲት ሴት ከአጠገባችን ቆመች። ደረጃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችና ወደ ሸምሱ ዞረች።

«አንተ ነህ የሠራኸው? አቤት ቀጥ ማለቱ! አንድ ቦታ እንኳ ጎበጥ አላለም!»

ጋሽ ሸረፋ ከወዲያ ማዶ «ምን አለች?» ብለው ጮኹ። ሸምሱ ጮክ ብሎ ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ የሠላሳ ዓመት መምህርነት ነው፣ ላስረዳት ነበር። ሸምሱ ግን በዓይኑ ይተዉት አለኝ።

ተውኩት። ሴትዮዋም ሳፋዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።